ሳንቲም ብቻ የሚያውቃቸው ነገሥታት

እስቲ ይህን አስቡት። ወደ አርባ የሚጠጉ የግሪክ ነገሥታት በመካከለኛው እስያና በሰሜን ምዕራብ ሕንድ ለ250 ዓመታት ገደማ ነገሡ፤ ተዋጉ፣ አስገበሩ፣ እርስ በርስ ዙፋን ተነጣጠቁ። በጥንት ጸሐፊዎች ብዕር ስማቸው የተረፈላቸው ግን ዐሥር አይሞሉም። ከቀሩት አብዛኞቹ በዚህች ምድር ላይ እንደነበሩ የምናውቀው ፊታቸውንና ስማቸውን ባሳተሙበት ገንዘብ ብቻ ነው። ሳንቲሞቹ ባይገኙ ኖሮ እንዳልተወለዱ ይቆጠሩ ነበር።

ይህ ነገር ከገባኝ ወዲህ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ይዤ ስለ ባክትሪያ ሳንቲም ካላወራሁ አልጠግብም። ዛሬ ተራው የእናንተ ነው። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጠራለሁ፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት ያሉትን ደግሞ ቅ.ል.ክ. እያልኩ እቀጥላለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ሳንቲም ሁለት ጊዜ ይናገራል። መጀመሪያ ንጉሡ እንድንሰማለት የፈለገውን ይናገራል፦ እኔ ታላቅ ነኝ፣ እኔ አዳኝ ነኝ፣ እኔ የእነእስክንድር ወራሽ ነኝ። ቀጥሎ ንጉሡ ሳያስበው ያመለጠውን ይናገራል፤ በክብደቱ፣ በማኅተሙ ስንጥቅ፣ በተቀበረበት ቦታ። የሳንቲም አጥኚዎች ሙያ ይህን ሁለተኛውን ንግግር መስማት ነው።

እያዋዛ የመጣ አመጽ

ባክትሪያ ከሂንዱ ኩሽ ተራሮች በስተሰሜን፣ በአሙ ዳርያ ወንዝ ግራና ቀኝ የተዘረጋች ለም አገር ነበረች። መሬቷ ዛሬ በሰሜን አፍጋኒስታን፣ በደቡብ ኡዝቤኪስታንና በታጂኪስታን ተከፋፍሏል። መናገሻዋ ባክትራ የዛሬዋ ባልክ ናት። ታላቁ እስክንድር ከ329 እስከ 327 ቅ.ል.ክ. ድረስ ብዙ ደም አፍስሶ ያዛት፤ የአገሩን ባላባት ልጅ ሮክሳናን አገባ፤ ግሪኮችን አስፍሮ ወደ ሕንድ አለፈ። በ323 ቅ.ል.ክ. ሲሞት ከጦር አለቆቹ አንዱ የሆነው ሴሌውኮስ ምሥራቁን ጠቀለለው። የሴሌውኮስ ዘሮች ዓይናቸው በሶርያና በመስጴጦምያ ላይ ስለነበር ባክትሪያ ለእነሱ የዓለም ዳር ነበረች።

የዳር አገር ገዢ ልቡ እንደሚያብጥ የታወቀ ነው። በ250 ቅ.ል.ክ. አካባቢ ዲዮዶቶስ የሚባለው አገረ ገዢ አፈነገጠ። የጥንት ጸሐፊዎች ነገሩን በጥቂት ቃላት ያልፉታል። እንዴት እንዳፈነገጠ የሚያሳዩን ሳንቲሞቹ ናቸው።

የሴሌውኮስ ቤት ሳንቲም በአንድ ፊቱ የንጉሡ መልክ፣ በጀርባው ተቀምጦ የሚታይ አፖሎ ነበረበት። በባክትሪያ መጀመሪያ አፖሎ ጠፋና መብረቅ ሊወረውር የተንደረደረ ዜውስ ተተካ። መልኩም የሴሌውኮስ ቤት ንጉሥ የነበረው የአንቲዮኮስ መሆኑ ቀረ። ጽሑፉ ግን «የንጉሥ አንቲዮኮስ» እያለ ቀጠለ። ቆይቶ እሱም ተነሣና «የንጉሥ ዲዮዶቶስ» የሚል መጣ። ታያላችሁ? አመጹ በአንድ ሌሊት የፈነዳ ሳይሆን እያዋዛ የመጣ ነው። በመጀመሪያ አምላኩ ተለወጠ፣ ፊቱም አብሮ፤ የጌታው ስም ግን ሰው እስኪለምድ ድረስ በቦታው ቆየ። ይህን ቅደም ተከተል የጻፈልን ታሪክ ጸሐፊ የለም።

የሚያረጁ ፊቶች

የዲዮዶቶስን ቤት የገለበጠው ኤውቲዴሞስ ነው። ይህ ሰው ከመጻሕፍትም ዕድል የቀናው ነው። ከሴሌውኮስ ቤት የኋለኛው ንጉሥ ታላቁ አንቲዮኮስ ባክትሪያን ሊያስመልስ ዘምቶ ከ208 እስከ 206 ቅ.ል.ክ. ባክትራን ከበበ። የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ፖሊቢዮስ እንደጻፈው ኤውቲዴሞስ በድርድሩ ላይ ብልጥ ክርክር አቀረበ፦ «እኔ አመጸኛ አይደለሁም፤ የአመጸኞቹን ዘር ያጠፋሁ ነኝ» አለ። ደግሞም ዘላን ነገዶች በድንበር ላይ አሰፍስፈዋልና እርስ በርስ ብንፋጅ ሁለታችንም እንጠፋለን ሲል አስጠነቀቀ። አንቲዮኮስ የንግሥና ስሙን ተወለት፤ ለልጁ ለዴሜትሪዮስም ሴት ልጁን ሊድርለት ቃል ገባ።

የኤውቲዴሞስን ሳንቲሞች በተርታ ስትደረድሩ ግን መጽሐፍ ያልነገራችሁን ታያላችሁ። በመጀመሪያዎቹ ጎልማሳ ነው። ቀጥሎ ፊቱ ይሞላል፣ ጉንጩ ይወርዳል። በመጨረሻዎቹ አገጩ የተደራረበ፣ ዓይኑ የከበደ ሽማግሌ ነው። በዚያ ዘመን ነገሥታት እንደ አማልክት ሁልጊዜ ወጣት መስለው መቀረጽን ይወድዱ ነበር። የባክትሪያ ቀራጮች ግን ያዩትን ቀረጹ። ልጁ ዴሜትሪዮስ የዝሆን ራስ ቆዳ ደፍቶ ብቅ ይላል፤ ፊቱን ወደ ሕንድ ማዞሩን በዚህ አወጀ። አንቲማኮስ የሚባለው ደግሞ ሰፊ የመቄዶንያ ቆብ አድርጎ በከንፈሩ ዳር ፈገግ ያለ ይመስላል። ስለ አንቲማኮስ ዘመን ከሞላ ጎደል የምናውቀው ነገር የለም፤ ፊቱን ግን በመንገድ ብናገኘው እንለየዋለን።

ከአንድ ማኅተም የወጡ

አሁን ወደ ሙያው ውስጥ እንግባ። የጥንቱ ሳንቲም እንዴት ይሠራ እንደነበር ካልገባን አጥኚዎቹ የሚያደርጉት ሁሉ ጥንቆላ ይመስለናል።

ሁለት የብረት ማኅተሞች ነበሩ። አንደኛው የንጉሡ ፊት የተቀረጸበት ሲሆን በመስፍ ላይ ይተከላል። ሁለተኛው የአምላኩ ምስል ያለበት ሲሆን በእጅ ይያዛል። የተመዘነ የብር ጠፍጣፋ በመካከላቸው ይቀመጥና በመዶሻ ይመታል። መዶሻው በቀጥታ የሚያርፍበት የላይኛው ማኅተም ቶሎ ስለሚበላሽ ብዙ ጊዜ ይለወጣል፤ የታችኛው ይቆያል። ማኅተሞቹ በእጅ የተቀረጹ ስለሆኑ ሁለቱ ፈጽሞ አንድ አይሆኑም፤ የአንዱ ጸጉር ዘለላ አምስት፣ የሌላው ስድስት ይሆናል። ሲያረጁም ይሰነጠቃሉ፤ ስንጥቁ በየሳንቲሙ ላይ እንደ ቀጭን ጅማት ይወጣል።

ጠርዙ የተሸረፈ የቀበሌ ማኅተም ያረፈባቸውን ደብዳቤዎች ብትሰበስቡ፣ ሽራፊው ትንሽ የሆነበት ቀድሞ፣ የሰፋበት ዘግይቶ እንደተጻፈ ቀኑን ሳታዩ ትለያላችሁ። የሳንቲም አጥኚውም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። አንዱ የፊት ማኅተም ከሦስት የጀርባ ማኅተሞች ጋር፣ ከእነዚያ አንዱ ደግሞ ከሌላ የፊት ማኅተም ጋር ተጣምሮ ሲገኝ ሰንሰለት ይሠራል። በሰንሰለቱ የትኛው ሳንቲም እንደቀደመ፣ የትኞቹ በአንድ ቤት እንደታተሙ፣ ማተሚያ ቤቱ በጥድፊያ ይሠራ እንደነበረ ወይም ተዝናንቶ እንደነበረ ይታወቃል። ኤውቲዴሞስ ጎልማሳና ሽማግሌ ሆኖ የሚታየው በእርግጥ በዚያ ቅደም ተከተል መሆኑ የሚመረመረውም እንዲህ ነው።

ከዚህ የበለጠ የሚጣፍጠኝ ደርቦ መምታት የሚሉት ነው። አዲስ ንጉሥ ሲመጣ አንዳንዴ የተረፈውን የአሮጌ ንጉሥ ሳንቲም አያቀልጠውም፤ በላዩ ላይ የራሱን ያትምበታል። ሥራው በጥድፊያ ከሆነ የቀድሞው ጽሑፍ ከሥር አፈትልኮ ይታያል። ከኋለኞቹ ነገሥታት አንዱ የሆነው ሁለተኛው ሄሊዮክሌስ በአጋቶክሌያና በስትራቶን ሳንቲሞች ላይ ደርቦ መትቷል። አጋቶክሌያ በሳንቲም ላይ የምትታይ ንግሥት ናት፤ ስትራቶን ልጅዋ ሳይሆን አይቀርም። በአንዲት ቁራጭ ብረት ላይ ሁለት ዘመን ተደራርቦ ሲገኝ ከላይ ያለው ኋለኛው መሆኑ አያከራክርም። ዓመተ ምሕረት የሌለው ታሪክ ቅደም ተከተል የሚያገኘው በእንዲህ ያለ ቁራጭ ነው።

የዘር ሐረግ ፖለቲካ

ንጉሡ ሆን ብሎ የሚናገረውስ? እዚያ ላይ ጠንቀቅ ማለት ነው።

አጋቶክሌስ በ180ዎቹ ቅ.ል.ክ. አካባቢ የነገሠ ሲሆን፣ እንግዳ የሆነ የሳንቲም ተርታ አሳትሟል። በየሳንቲሙ ላይ የቀደሙ ነገሥታት አሉ፦ የፊልጶስ ልጅ እስክንድር፣ አንቲዮኮስ፣ ዲዮዶቶስ፣ ኤውቲዴሞስ፣ ዴሜትሪዮስ፣ ፓንታሌዮን። በጀርባው ደግሞ «በጻድቁ አጋቶክሌስ ንግሥና ዘመን» ይላል። ሲያዩት የተከበረ የዘር ሐረግ ይመስላል። ግን አስተውሉ። ዲዮዶቶስ በአንቲዮኮስ ቤት ላይ ያመጸ ነው፤ ኤውቲዴሞስ የዲዮዶቶስን ቤት ያጠፋ ነው። ጠላቶች ሁሉ በአንድ ማዕድ ቀርበዋል። ይህ ትውልድ ቆጠራ አይደለም፤ ሥልጣኑ የተነቀነቀበት ሰው ከሁሉም ወገን ድጋፍ ሲለምን ነው። ሳንቲሙ ስለ አያቶቹ ብዙም አያስተምረንም፤ ስለ ሥጋቱ ግን ያስተምረናል።

ሥጋቱ ደግሞ ስም አለው ብለው የሚገምቱ አሉ፤ ኤውክራቲዴስ። በ170 ቅ.ል.ክ. አካባቢ ዙፋን ነጥቆ ከነገሥታቱ ሁሉ ኃያል ሆነ። የበሬ ቀንድና ጆሮ ያለበት የፈረሰኛ ቁር ደፍቶ፣ «ታላቁ ንጉሥ» ብሎ ጻፈ። ከጥንቱ ዓለም እስከ ዛሬ ከተረፉት የወርቅ ሳንቲሞች ትልቁ የእሱ ነው፤ 169 ግራም ይመዝናል፣ ስፋቱ 58 ሚሊሜትር ነው። በቡኻራ ተገኝቶ ወደ አውሮፓ ተወሰደ፤ ሦስተኛው ናፖሊዮን ገዝቶት ዛሬ በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል።

ይህ ሁሉ ጩኸት ነው። ሹክሹክታው ያለው በሌላ ሳንቲሙ ላይ ነው። በአንድ ፊት ራሱ፣ በሌላው አንድ ወንድና አንዲት ሴት፤ ጽሑፉ «ታላቁ ንጉሥ ኤውክራቲዴስ፣ የሄሊዮክሌስና የላኦዲቄ» ይላል። ብዙዎቹ አጥኚዎች ወላጆቹ ናቸው ይላሉ። የላኦዲቄን ግንባር ተመልከቱ፤ የንግሥና ጥምጥም አስራለች። ሄሊዮክሌስ ግን ባዶ ራሱን ነው። ስለዚህ ቀራጩ ሳይዋሽ የነገረን ነገር አለ፦ በእናቱ ከንጉሥ ቤት ነው፤ በአባቱ አይደለም።

ፍጻሜውን መጽሐፍ ቢነግረንም ጊዜውን የሚጠቁሙት ሳንቲሞች ናቸው። ሮማዊው ጸሐፊ ዩስቲኖስ እንደሚለው ኤውክራቲዴስ ከሕንድ ሲመለስ የገዛ ልጁ ገደለው። በአሙ ዳርያ ዳር የነበረችው አይ ኻኑም የምትባል የግሪክ ከተማ ቴአትርና ቤተ መንግሥት ያላት ነበረች። በ1961 የአፍጋኒስታኑ ንጉሥ ዛሂር ሻህ ለአደን ወጥቶ ፍርስራሿን አየ፤ ከዚያም የፈረንሳይ አርኪዮሎጂስቶች በፖል ቤርናር መሪነት እስከ 1978 ድረስ ቆፈሯት። ከተማዋ በእሳት ወድማለች። በግሪኮቹ እጅ ሳለች ከተጣሉት ሳንቲሞች የመጨረሻዎቹ የኤውክራቲዴስ ናቸው፤ ከእሱ የሚቀጥል ንጉሥ የለም። በ145 ቅ.ል.ክ. ገደማ ወደቀች የምንለው በዚህ ነው። ከሃያ ዓመታት ገደማ በኋላ የቻይናው መልእክተኛ ዣንግ ቺያን በዚያ ሲያልፍ ያገኘው ዘላኖች የተቆጣጠሩትን አገር ነበር።

ሁለት ቋንቋ፣ ሁለት ሚዛን

ከሂንዱ ኩሽ በስተደቡብ ታሪኩ ይቀጥላል። እዚያ ያለው ሕዝብ ሕንዳዊ ነው፤ የለመደውም አራት ማዕዘን ሳንቲም ነው። ግሪኮቹ ምን አደረጉ? ገበያውን ተከተሉ። በሰሜን በአቴና ሚዛን 17 ግራም ገደማ የሚመዝነው ባለ አራት ድራክማ፣ በደቡብ ወደ 9.8 ግራም ወረደ። አንዳንዱ ሳንቲም አራት ማዕዘን ሆነ። ጽሑፉም በአንድ ፊት ግሪክኛ፣ በሌላው ከቀኝ ወደ ግራ በሚጻፈው በካሮሽቲ ፊደል የአገሩ ቋንቋ ፕራክሪት ሆነ። በሜናንድሮስ ሳንቲም ላይ በግሪክኛ «የንጉሥ፣ የአዳኙ ሜናንድሮስ» የሚለው፣ በሌላ ወገን «ማሃራጃሳ ትራታራሳ ሜናንድራሳ» ሆኖ ይነበባል። ይህ ሜናንድሮስ በቡድሃ ተከታዮች መጽሐፍ ሚሊንዳ ተብሎ ከመነኩሴው ከናጋሴና ጋር ሲከራከር የምናገኘው ንጉሥ ነው።

አጋቶክሌስማ ከዚህም አልፏል። በ1970 በአይ ኻኑም የተገኙ ስድስት የብር ሳንቲሞቹ ቫሱዴቫ ክሪሽናንና ባላራማን ያሳያሉ፤ ከሚታወቁት የእነዚህ አማልክት ምስሎች ሁሉ ቀደምት ከሚባሉት ውስጥ ናቸው። የዘመኑ ነገሥታት ከመዳብና ከኒኬል ቅይጥም ሳንቲም ሠርተዋል፤ ያ ቅይጥ በአውሮፓና በአሜሪካ ገንዘብ ላይ የታየው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

ነገሥታቱ ለነጋዴ ብለው ያደረጉት ይህ የሁለት ቋንቋ ነገር ከሁለት ሺህ ዓመት በኋላ የጠፋ ፊደል መክፈቻ ሆነ። በ1830ዎቹ ቻርልስ ማሰን የሚባል፣ ከእንግሊዝ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ጦር የከዳ ሰው ከካቡል በስተሰሜን ባለችው በቤግራም በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሳንቲሞች ሰበሰበ። የግሪክኛው ስም በተደጋገመ ቁጥር በጀርባው የማይታወቀው ፊደልም በአንድ ዓይነት እንደሚደጋገም አስተዋለ። ፍንጩ ካልካታ ደረሰ። እዚያ የሳንቲም ማተሚያ ቤቱ ብረት መርማሪ ጄምስ ፕሪንሴፕ ነበር። ንጉሥ፣ አዳኝ፣ ሜናንድሮስ፣ አፖሎዶቶስ እያለ ፊደሉን አንድ በአንድ ለየ። በጀርመን አገር ክርስቲያን ላሰን በ1836 የአጋቶክሌስን ሳንቲም ይዞ ወደ ሌላው የጠፋ የሕንድ ፊደል፣ ወደ ብራህሚ ገባ፤ በ1837 ፕሪንሴፕ ብራህሚን ሙሉ በሙሉ ከፈተው። የሕንዱ ንጉሥ የአሾካ የድንጋይ ላይ አዋጆች ተነበቡ፤ የጥንት ሕንድ ታሪክ አፍ አወጣ።

ከአዱሊስ እስከ ደብረ ዳሞ

ይህ ሁሉ ከእኛ የራቀ መስሏችሁ ከሆነ ቆዩ። በአንደኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የጉዞ መጽሐፍ ስለ አዱሊስና ስለ አክሱም ይተርካል፤ የግሪክ ጽሕፈት የሚያውቀውን ንጉሥ ዞስካሌስንም ያነሣል። ያው መጽሐፍ ወደ ሕንድ ጠረፍ ሲሻገር፣ በባሪጋዛ ወደብ የአፖሎዶቶስና የሜናንድሮስ አሮጌ ድራክማዎች በዘመኑም በእጅ ይዘዋወሩ እንደነበር ይመሰክራል። ከአዱሊስ የተነሣ ነጋዴ ባሪጋዛ ሲደርስ የሜናንድሮስን ፊት ሊያይ ይችል ነበር ማለት ነው።

ባክትሪያን ከወረሩት ዘላኖች መካከል ኩሻኖች ወጡ። የግሪኮቹን የሳንቲም ወግ ወረሱ፤ የባክትሪያን ቋንቋ በግሪክ ፊደል ጽፈው በወርቅ አተሙ። በ1940 በትግራይ በደብረ ዳሞ ገዳም ከ100 በላይ የኩሻን የወርቅ ሳንቲሞች ተገኝተዋል፤ የነገሥታቱ የካኒሽካና የሁቪሽካ ይገኙባቸዋል። የአክሱም ነገሥታትም ከእንዱቢስ ጀምሮ በሳንቲማቸው ላይ ግሪክኛ ጻፉ፤ ኋላ ግዕዝ መጣ። ከእነሱም ውስጥ በሳንቲም ብቻ የሚታወቁ አሉ። የባክትሪያን ሳንቲም ለማንበብ የዳበረው ብልሃት በእኛም ታሪክ ላይ ይሠራል።

ንጉሡ ብቻውን እንዳያወራ

ግን ሳንቲም ሁሉን አይነግርም። በ1938 እንግሊዛዊው ታሪክ ጸሐፊ ታርን እነዚህን ነገሥታት የግሪክ ታሪክ አንድ ምዕራፍ አድርጎ ጻፋቸው። በ1957 ሕንዳዊው ናራይን ተነሥቶ የሕንድ ታሪክ ናቸው ሲል ተከራከረው። ሁለቱም የያዙት ያንኑ ሳንቲም ነው። በየሳንቲሙ ላይ ያሉት የተጠላለፉ የግሪክ ፊደላትም እንዲሁ ያከራክራሉ፤ አንዱ የከተማ ምልክት ይላቸዋል፣ ሌላው የሹም።

ክርክሩን የሚዳኘው ብዙ ጊዜ የተገኙበት ቦታ ነው። በ1946 በሰሜን አፍጋኒስታን በቁንዱዝ አካባቢ ከ600 በላይ የብር ሳንቲሞች በአንድ ላይ ወጡ። ከእነሱ መካከል የንጉሥ አሚንታስ አምስት ታላላቅ ብሮች ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው 85 ግራም ገደማ። አሚንታስ የነገሠው ከተራራው በስተደቡብ ነው፤ ሳንቲሞቹ ግን የወጡት ግሪኮች ከለቀቁት ከሰሜኑ ነው። ለዘላኖቹ የተከፈለ ግብር ይሆን? ጥያቄው ራሱ የተወለደው ቦታው ስለታወቀ ነው። በ1990ዎቹ የእርስ በርስ ጦርነት የካቡል ሙዚየም ሲዘረፍ ይህ ክምችት ጠፋ። ከ1992 ጀምሮ በፓክትያ አውራጃ በሚር ዛካህ ከአንድ የውኃ ጉድጓድ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሳንቲሞች ወጥተው በየገበያው ተበተኑ። ብሩ አለ፤ የንጉሡ ፊት አለ። የትኛው ከየትኛው ጋር እንደተቀበረ ግን ማንም አይመልሰውም።

እንግዲህ የጥንት ሳንቲም በመስታወት ውስጥ ስታዩ ሦስት ጥያቄ ይዛችሁ ቅረቡ። ንጉሡ ምን ሊያሳምነኝ ይፈልጋል? ሳያውቀው ምን አመለጠው? ከየት፣ ከምን ጋር ወጣ? የመጀመሪያውን ሳንቲሙ ራሱ ይመልሳል። ሁለተኛውን አጥኚዎች በትዕግሥት ያወጡታል። የሦስተኛው መልስ የሚገኘው ግን ያወጣው ሰው ከመዘገበው ብቻ ነው። ካልመዘገበው ከሁለት ሺህ ዓመት በኋላም የሚያወራን ንጉሡ ብቻ ይሆናል፤ እሱ ደግሞ የሚነግረን የሚጠቅመውን ነው።